በሁለተኛው መስመር የሚጻፈው ስም

ስቴንስቪል፣ ዊስኮንሲን
ማርች 12 ቀን 1984

ኦሪን ወንድሜ፣

እንዴት ከረማችሁ? ወደ አሪዞና ከሄዳችሁ ወዲህ የሚስትህ የአርዲስ ሳል በበረሃው አየር ቀለለላት ወይ? እዚህ በረዶው ገና ከጓሮዬ አልወጣም። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ያማርራል እንጂ ሥራ አላቆመም።

ደብዳቤህ ሦስት ገጽ ነበር፤ ሁለት ገጽ ተኩሉ ስለ አንድ ሰው ጥያቄ ነው። ፖሊስ እንኳን እንዲህ አይጠይቅም! እሺ፣ ልመልስ። አዎ፣ እህቴ ቨርና ለአርዲስ የጻፈችው እውነት ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለውን ቤት የገዛው ሰው ዱዌን ፔግል ይባላል። ሠላሳ ዓመት በመርከብ ፋብሪካ በያጅ ነበር። ሚስቱ ሞታበታለች። አዎ፣ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ከእኔ ጋር ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። አይ፣ አይዘፍንም።

የምንሠራው ለትንሿ የጓሮ ትራክተሬ ባለ ሦስት ክንድ ማንጠልጠያ ነው። ከታች ሁለት ክንድ፣ ከላይ አንድ፤ ማረሻው በሦስቱ ተይዞ ከትራክተሩ ኋላ ይንጠለጠላል። እጀታውን ስትስብ ብድግ፣ ስትለቅ ቁጭ ይላል። አንተና እኔ ማረሻውን በአንድ ቡሎን አንጠልጥለን ስንጎትት፣ ጫፍ በደረስን ቁጥር ወርደን እንደ ሰከረ አጎት ተሸክመን ስናዞረው የኖርነው ዘመን አበቃ። ለእኔ ሞዴል የሚሆን መግዛት አይቻልም፤ መሥራቱን ካቆሙ ቆይተዋል። ስለዚህ ክንዶቹ ከአሮጌ የድርቆሽ መሰብሰቢያ፣ እጀታው ከአባቴ ፒክአፕ የእጅ ፍሬን፣ ቀሪው ቨርና ከጣለችው የአልጋ አንጎላሬ ብረት ነው።

የኦክቶበሩን የእርሻ ውድድር ወረቀት ደግሞ ጠይቀኸኛል። ሰውዬ፣ ገና ማርች እኮ ነው።

ሴልመር


ሜሳ፣ አሪዞና
ማርች 21 ቀን 1984

ለሥራ ብዛት ጊዜ ላጣው ለሴልመር ብሬኪ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ ጋራዥህ ውስጥ ለሰላምታ የሚሆን ክፍት ቦታ ካለ። አርዲስ ደህና ነች። ከጎረቤታችን ተጎታች ቤት አንድ የኔብራስካ ሰው ኦርጋን ይመታል፤ አራት ዜማ ነው የሚያውቀው፤ ሦስቱ አንድ ናቸው። ብርቱካን ከዛፍ ይወድቃል፣ ማንም አያነሳውም። እንግዲህ እዚህ የሚኖረው እንዲህ ነው።

ስለ ወረቀቱ የጠየቅሁህ ገና ማርች መሆኑን አጥቼው አይደለም። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በእርሻ ቀን መመዝገቢያው ላይ በመጀመሪያው መስመር ነጂው፣ በሁለተኛው መስመር አቃኚው ተጽፏል። ሃያ አንድ ዓመት በድምፅ ማጉያው «ሴልመር ብሬኪና ኦሪን ትቬት!» ተብሏል። አንተ ወደፊት እያየህ ነዳህ፤ እኔ በጉልበቴ እየዳህኩ ማረሻውን አቃናሁ። ዘንድሮ ለስሙ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ለኦክቶበር አውቶቡስ ተሳፍሬ መምጣት አለመምጣቴን ላውቅ ነው። አርዲስ ብቻዋን መቆየት ትችላለች ብሏል ሐኪሙ። ግን ቦታዬ ላይ ሰው ካለ ሁለት ቀን አውቶቡስ ውስጥ ምን አንገላታኝ?

አርዲስ ይህን ሁሉ ስጽፍ በትከሻዬ አየችና «ምነው፣ ጣውንት መጣብህ እንዴ?» አለችኝ። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ለመሆኑ ይህ ሰውዬ አርሶ ያውቃል? መርከብ ላይ ፈር የለም። በያጅ የሚያውቀው ማጣበቅ ነው፤ ማጣበቅና ማቃናት ደግሞ ለየቅል ናቸው። ሥዕሉን ላክልኝ፤ ልየው።

ኦሪን


ስቴንስቪል
ኤፕሪል 9 ቀን 1984

ኦሪን፣

ምን ሆነህ ነው እንደ አማት የምትናገረኝ? ዱዌን መልካም ሰው ነው። አርሶ አያውቅም፤ አላውቅም ማለቱን ግን አላፈረበትም፤ እኛ አገር ይህን የሚል ሰው ስንት ታውቃለህ? ባለፈው ወር አንድ ዓርብ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የዓሣ እራት ነበር፤ አብረን ሄድን። የቨርናን ፓይ ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ። ቨርናማ ከዚያ ወዲህ ፀጉሯን በየሳምንቱ ትሠራለች። ለአርዲስ ንገራት፣ ትስቃለች።

ስምህን ባነሳሁ ቁጥር ዱዌን «ያ ኦሪን!» ይልና ራሱን ይነቀንቃል።

ሥዕሉ ይኸውልህ። እጁን አየኸው? መስመሩ እንደ መጽሐፍ ነው። ትራክተሩን ጋራዡ ሲሚንቶ ላይ አቆምነው፤ ውሃ ልክ አምጥቶ ማንጠልጠያውን ወዲህም ወዲያም ለካ፤ አረፋዋ መሀል ላይ ቀጥ አለች። ክንዶቹን የሚያነሱት የግራና የቀኝ ዘንጎች በፀጉር እንኳን አይበላለጡም። በቪት የሚረዝም የሚያጥር ነገር አላደረገበትም። «የሚዞር ነገር ሁሉ አንድ ቀን ይላላል» ይላል፤ ዙሪያውን ሊበይደው ነው።

አንተ እየው። ዓይንህን የሚቆረቁረው ነገር ካለ ጻፍልኝ። ቶሎ ብትጽፍ ደስ ይለኛል።

ሴልመር


(ይህኛው ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች በአንድ ሰረዝ ተሰርዟል፤ በዕለቱ አልተላከም።)

ሜሳ
ኤፕሪል 16 ቀን 1984

ሴልመር፣ ሰውየውን አስቁመው!

እንዳይበይደው። ሲሚንቶ ላይ የተስተካከለ ማረሻ የሚስተካከለው ሲሚንቶ ለማረስ ነው። የመጀመሪያውን ፈር ስታወጣ ሁለቱም ጎማ ደልዳላ ላይ ስለሆነ ያምርልሃል፤ እሱ ነው የሚያታልለው። ከሁለተኛው ጀምሮ የቀኙ ጎማ ፈሩ ውስጥ ይወርዳል። አምስት ኢንች። ትራክተሩ በቀኝ ያዘነብላል፤ ማረሻውም አብሮ ይተኛል፤ አፈሩን መገልበጡ ቀርቶ እንደ አሳማ ይፈነቅለዋል።

ከግራው ጎማ ሥር አምስት ኢንች ጣውላ አስገቡ። ትራክተሩ ሲያጋድል ያኔ ውሃ ልኩን ማንጠልጠያው ላይ አስቀምጡ። የቀኙ ዘንግ ያጥራል። እሱን አትበይዱት፤ እንደ ፈሩ ጥልቀት የሚያሳጥሩት የሚያስረዝሙት ቪት ይሁን። ለዱዌንም


ሜሳ
ኤፕሪል 17 ቀን 1984

ውድ ሴልመር፣

ሥዕሉ ደረሰኝ። አመሰግናለሁ። ደጋግሜ አየሁት፤ አንዳች እንከን የለውም። እንዲህ ያለ ጠቢብ አጠገብህ ካለ የእኔ የሽማግሌ ዓይን ምን ይጨምርልሃል? በይዱት።

በኦክቶበር የምመጣ አይመስለኝም። እዚህም ሥራ አላጣሁም፤ የብርቱካን ለቀማ ማኅበር ሊቀመንበር ሊያደርጉኝ ነው።

ቨርናን ሰላም በልልኝ። ዱዌንን «ያ ኦሪን» ደህና ነው በለው።

ኦሪን


ስቴንስቪል
ኤፕሪል 30 ቀን 1984

ኦሪን፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። እንዳልከው ቅዳሜ ዕለት በየድነው። ጓሮው ጫፍ ላይ አንድ ፈር ሞከርን፤ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወጣ። ዱዌን ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ አየው። ሁለተኛውን ሳንጀምር ዝናብ መጣ፤ መሬቱ ጭቃ ሆነ፤ በሳምንቱ ቨርና ድንቿን ተከለችበት። እስከ ኦክቶበር የሚታረስ መሬት የለኝም።

እንደማትመጣ መጻፍህን አየሁት። ምን ልበልህ። ለማኅበርህ መልካም ሥራ።

ሴልመር


ሜሳ
ሴፕቴምበር 19 ቀን 1984

ሴልመር፣

አምስት ወር ዝም ተባብለን እንደማናውቅ አርዲስ ናት ያስታወሰችኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው ልበል፤ አንተም ግን እስክሪብቶ አልጠፋብህም። እዚህ ሙቀቱ መሪ አያስጨብጥም። ኦርጋን የሚመታው የኔብራስካ ሰው አምስተኛ ዜማ ተማረ፤ የቀድሞዎቹ ናፈቁን።

ቨርና ለአርዲስ ስትጽፍ የዱዌን አትክልት፣ የዱዌን ጀርባ ሕመም፣ የዱዌን ሹራብ እያለች ነው። ሹራቡን የሠራችለት ራሷ ናት። ዱዌን ጣራህን ጠገነ፤ ዱዌን እሁድ እሁድ ከእናንተ ጋር ካርታ ይጫወታል፤ እኔ በምቀመጥበት በምድጃው በኩል ይቀመጣል። እኔ ይህን አልጠየቅኩም። አርዲስ ጮክ ብላ ታነብና እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ወረቀቱን ሞልተሃል? በሁለተኛው መስመር ማንን ጻፍክ?

ኦሪን


ስቴንስቪል
ኦክቶበር 15 ቀን 1984

ኦሪን፣

ደህና ነህ? እኛ ደህና ነን። ቅጠሉ ረግፏል። የእርሻው ቀን ኦክቶበር ስድስት ነበር፤ ፀሐይ ወጣ፣ ሰው ብዙ መጣ፣ የሴቶቹ ማኅበር ፓይ ከእኩለ ቀን በፊት አለቀ። የቫሊ ቶርስታድ ትራክተር አንደኛ ወጣች። እኛ ምንም አላገኘንም።

ዱዌን ከምሳ በፊት ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፤ መጋረጃው ዝግ ነው። ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ።

የጠየቅከኝን ጥያቄ አልመልስልህም። አሁን አይደለም።

ሴልመር


ሜሳ
ኦክቶበር 29 ቀን 1984

ሴልመር ወንድሜ፣

አንተ የደበቅከውን ቨርና አልደበቀችም። አራት ገጽ ጻፈችልን። የመጀመሪያው ፈር ሲያምር፣ ሰዎች ሲያጨበጭቡ፤ ከሁለተኛው ጀምሮ ጎማህ ሲወርድ፣ ማረሻው እንደ ደከማት ላም ሲጋደም፣ ዳኛው መለኪያውን ዘርግቶ ሳይለካ ሲያጥፈው። ቶርስታድ «ይሄ ማረስ ነው ወይስ ድንች መፈለግ?» ማለቱን። ገመዱ ዳር ወደ ቆመው ዱዌን ሰዎች እየዞሩ «ይሄ ያንተ ብየዳ ነው አይደል?» ማለታቸውን።

ልንገርህና ጥላኝ። መጀመሪያ ስሰማ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፤ ከቁርስ እስከ ምሳ ድረስ ደስ ብሎኝ ቆየሁ። ምሳ ላይ «ዱዌን ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዞ ማንንም ሳያይ ሄደ» የሚለውን አርዲስ ደግማ አነበበችልኝ። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

ከዚህ ጋር የላክሁልህን አንድ ወረቀት ታያለህ። ቀኑን አንብበው፤ ኤፕሪል አሥራ ስድስት። ሥዕሉ በደረሰኝ ሰዓት ነው ያየሁት ሴልመር። አንድ ጊዜ ዓይኔን ጣል ሳደርግበት ነው ጉድለቱ የታየኝ። ጻፍኩ። «ለዱዌንም» ስል ስሙ እጄ ላይ ደረቀ። ያ ሰው በእኔ ቦታ ቆሞ፣ በእኔ እውቀት ተቃንቶ፣ በኦክቶበር ስሙ በማጉያው ሲጠራ ታየኝ። ሰረዝኩት። በማግስቱ «እንከን የለውም» ብዬ ጻፍኩልህ።

ቅናት ነው። ሌላ የተሻለ ስም ፈልጌለት ነበር፤ አላገኘሁም። በስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በአንድ በያጅ።

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ያገኘችው አርዲስ ናት። «ወይ አንተ ትልከዋለህ፣ ወይ እኔ እልከዋለሁ» አለች። እኔ ነኝ የላክሁት፤ ይህን ያህል እንኳን ቁጠርልኝ።

ይቅር በለኝ።

ኦሪን


ስቴንስቪል
ኖቬምበር 12 ቀን 1984

ኦሪን፣

ደብዳቤህን ካነበብኩ አሥር ቀን ሆነኝ። ቶሎ ያልመለስኩት ቶሎ ብመልስ የምጽፈውን ስለማውቀው ነው።

ሥዕሉን ለምን የላክሁልህ መሰለህ? ሃያ አንድ ዓመት ከጎማ ሥር ጣውላ ስታስገባ አይቻለሁ። ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄህ አላውቅም፤ የእኔ ሥራ ወደፊት ማየት ነበር፣ አንተው እንዳልከው። ዱዌን ውሃ ልኩን ሲያስቀምጥ ያ ጣውላ ትዝ አለኝ። «ኦሪን እዚህ ጋ ጣውላ ያስገባ ነበር፤ በግራ ይሁን በቀኝ አላስታውስም» አልኩት። «ጠይቀዋ» አለኝ። «እስኪመልስ አልበይድም።»

አሥራ አንድ ቀን ጠበቀህ። ብረቱ ነካ ነካ ተደርጎ እንደተያያዘ፣ ክፍቱን ተቀምጦ። እኔ ከፖስታ ሣጥኑ ስመለስ በሩ ላይ ቆሞ «ያ ኦሪን ጻፈ?» ይለኛል። የሚስቅብህ መስሎሃል። ስላንተ ያላወራሁለት ምን አለና፤ ጉልበትህ ጭቃ ውስጥ፣ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ፣ «ወደ ግራ፣ አንተ ደንቆሮ!» እያልክ። ሳታውቀው ይወድህ ነበር። አልጻፍኩልህም፤ ለምን እንዲህ ያለ ነገር ይጻፋል?

ከዚያ ደብዳቤህ መጣ። አነበብኩለት። «እንከን የለውም» አልክ። እኔ አሁንም ቅር እያለኝ ነበር፤ ግን ከራሴ ዓይን ያንተን አምኜ ነው የኖርኩትና ደብዳቤውን አጠፍኩ። ዱዌን «ያ ኦሪን ካለ አለ ነው» ብሎ የብየዳ መከላከያውን ፊቱ ላይ አወረደ።

ሁለተኛውን መስመር ደጋግመህ ጠይቀኸኛል። ያንተን ስም ነበር የጻፍኩት። ገና በጁላይ። እንዲያውም ዱዌን ነው «እኔ በያጅ እንጂ አቃኚ አይደለሁም፤ የእሱን ጻፍ፤ ምናልባት ሲሰማ ሐሳቡን ቀይሮ ይመጣል» ያለኝ። ማረሻው ተጋድሞ ሕዝቡ ሲስቅ በማጉያው የተጠራው «ሴልመር ብሬኪና ኦሪን ትቬት» ነው። ስድቡን የተቀበለው ግን ስሙ ያልተጻፈው ሰው ነው።

ይቅርታ ጠይቀኸኛል። ለጊዜው እጄ ላይ የለም። የእኔን ይቅርታ አትጠብቅ፤ መጀመሪያ የሚገባውን ሰው ጠይቅ። ፖስታ ሣጥኑ ከእኔው አጠገብ ነው፤ ፔግል የሚለው። አሁንም በየቀኑ ወጥቶ ይከፍተዋል፤ ሳያየኝ።

ሴልመር


ሜሳ፣ አሪዞና
ኖቬምበር 24 ቀን 1984

ለተከበሩ አቶ ዱዌን ፔግል፣

አያውቁኝም፤ ወይም ከሚገባው በላይ ያውቁኛል። ኦሪን ትቬት ነኝ።

ደጋግሜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ጥሩ አድርጌ ልጽፈው ስሞክር ራሴን ማሳመሬ ነው፤ ስለዚህ እንዲሁ ልበለው። ሥራዎ ላይ ስህተት አልነበረም። ጎደሎ ነበረ፤ ጎደሎውን ማወቅ የነበረበት እኔ ነኝ፤ አውቄም ነበር። ጠየቃችሁኝ፣ ዋሸሁ። በእርስዎ የተሳቀው ሳቅ የእኔ ነው። ይህን ለቶርስታድ፣ ለዳኛውና ለቤተ ክርስቲያኑ ጋዜጣ በየስማቸው ጽፌያለሁ፤ በዚህ ሳምንት ይደርሳቸዋል። ቨርናም ሰምታለች፤ ስለዚህ ጋዜጣውን መጠበቅ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ብረቱ። ማንጠልጠያውን አይጣሉት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ብየዳ በሥዕል እንኳን አላየሁም። ከግራው ጎማ ሥር አምስት ኢንች ጣውላ ያስገቡ። የግራውን ዘንግ አይንኩት። የቀኙን መሀሉ ላይ ይቁረጡና ከሁለቱም ጫፍ ቪት የሚገባበት ማስረዘሚያ ያድርጉበት። የሚዞር ነገር ይላላል ያሉት እውነት ነው፤ ለዚህ ነው አጠገቡ ሁልጊዜ አንድ ሰው የሚያስፈልገው። በየሦስት ፈሩ ተንበርክከው ይዩት። የቀኝ ዓይንዎን ጨፍነው በማረሻው ጀርባ በኩል ይመልከቱ፤ አፈሩ ተንከባሎ ፊቱን ወደ ታች ከደፋ ልክ ነው፤ ጎኑ ላይ ከቆመ አንድ ዙር ያሳጥሩ።

ሴልመር አስቁም ሲባል አይሰማም። ትከሻውን በጓል አፈር መምታት ነው። ጓሉ ትንሽ ይሁን።

ዘንጉን ሊቆርጡ ሲሉ ሴልመር ብረቱን እኔ ልያዝ ይላል። ይያዝ። እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ባለፈው ዓመትም ነበር፤ እንዳላየሁ ነበር የምሆነው። እርስዎም አይዩ።

ይህን ስነግርዎ ደስ እያለኝ እንዳይመስልዎ። እያንዳንዱን ስጽፍ አንድ ጥርስ የተነቀለ ያህል ነው። ነገር ግን እኔ ያለሁት ሁለት ቀን በአውቶቡስ ርቀት ነው፤ እርስዎ መንገዱን ተሻግረው ነዎት፤ ማረሻ ደግሞ በደብዳቤ አይቃናም።

በኤፕሪል የእርሻው ቀን ወረቀት ይመጣል። ሁለተኛው መስመር ላይ የራስዎን ስም ይጻፉ። ሴልመር እምቢ ይላል፤ አይስሙት። በእርሳስ ግን እንዳይጽፉት። በቀለም ያድርጉት። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ፤ በእርሳስ ከሆነ መጥቼ እፍቀዋለሁ።

ኦሪን ትቬት